ሸደር ላይ የቆለፍኩት ሳጥን

ጡረታ በወጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ጠዋት እንደ ልማዴ ለባብሼና ቦርሳዬን አንግቼ ወጣሁ። ባጃጅ አስቁሜ ገባሁና ሹፌሩ «ኤዶ፣ ወዴት ነው?» ሲለኝ የምሄድበት እንደሌለኝ ትዝ አለኝ። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ጅጅጋ ውስጥ በኔ ዕድሜ ያለችውን ሴት ሁሉ እንዲያ ይጠሯታል። አፍሬ «ገበያ» አልኩት። ገበያ ወርጄ የማያስፈልገኝን ሽንኩርት ገዝቼ ተመለስኩ።

ሽንኩርቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ብዙ ተቀመጥኩ። ሥራ ቦታዬን የናፈቅሁ መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ሲገባኝ የናፈቀኝ አንድ ሰው ነው።

ስሜ አስካለ ነው። አባቴ ወታደር ሆኖ ጅጅጋ መጣና እዚሁ ቀረ፤ እኔም እዚሁ ተወልጄ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሶማሊኛ እየተናገርኩ አደግሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ማለት ይቻላል በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ሃምሳ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ የጽሕፈት ክፍሉ ታጠፈ። ሁሉም በየራሱ ኮምፒዩተር መጻፍ ስለ ጀመረ የሚተይብለት ሰው የሚፈልግ አልነበረም። ጓደኞቼ ወደ መዝገብ ቤት ተመደቡ። ለኔ የደረሰኝ ደብዳቤ ግን «ኮምፒዩተር ጥገና ክፍል» ይላል። የተሳሳቱ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠየቅሁ። አልተሳሳቱም።

ጥገና ክፍል የሚሉት ከደረጃው ሥር ያለችውን ጠባብ ክፍል ነበር። እዚያ ብቻውን የሚሠራው ሮብሌ ነው። በወጣትነቱ የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበር፤ ወረዳዎች በሬዲዮ መልእክት በሚለዋወጡበት ዘመን ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ የኖረ ሰው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢሙን ሂና የሚቀባ። ደብዳቤዬን ሳያነበው ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ታይፒስት ነበርሽ አሉ?»

«አዎ፣ አቶ ሮብሌ። እርስዎ ካስተማሩኝ…»

ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ። «ስንት ሰው ነው የምታናግሪው? እኔ አንድ ነኝ ወላል፤ አንተ በይኝ።»

ወላል ወንድምም እህትም ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንተ አልኩት፤ እሱም እስከ መጨረሻው ወላል እንዳለኝ ቀረ።

የመጀመሪያ ሥራዬ የመምሪያ ኃላፊው ቢሮ ነበር። ኃላፊው ተቆጥተዋል። «ስልኬ ላይ ዋይፋዩ ሙሉ ነው። ይኼ ዴስክቶፕ ግን እዚሁ ክፍል ውስጥ ሆኖ አንድ መስመር ብቻ ያሳያል። ሪፖርት መላክ አልቻልኩም፤ አሮጌ ነው፣ ይቀየርልኝ» አሉ። እኔ ብሎን መፍቻ ይዤ ልከፍተው ተዘጋጅቻለሁ።

ሮብሌ መፍቻውን አላየውም። «ጌታዬ፣ ወንበርዎን ለአንድ ደቂቃ ይልቀቁልኝ» ብሎ ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ምንም አይነካም። በሩን፣ መስኮቱን፣ ጠረጴዛውን ተራ በተራ ያያል። ኃላፊው እኔን ተመለከቱኝ፤ እኔ ወለሉን አየሁ።

«ይህን ክፍል የምታጸዳው ማናት? ጥሩልኝ» አለ ቆይቶ።

መጣች። «ባለፈው ሳምንት እዚህ ውስጥ ምን ተቀየረ?» አላት።

«አዲሱ የፋይል ሸልፍ ገባ። ቦታ ስለ ጠበበ ኮምፒዩተሩን ከጠረጴዛው ላይ አውርደው ከሥር አስገቡት።»

ሮብሌ እጄን በኮምፒዩተሩ ጀርባ እንድሰድ አደረገኝ። ከኋላው የተሰኩት ሁለት ጣት የሚያካክሉ አንቴናዎች በብረት ሸልፉና በግድግዳው መሃል ተጨፍልቀው ተጋድመዋል። «ስልክን በእጅሽ ይዘሽ እንደ ፈለግሽ ታዞሪዋለሽ» አለኝ። «የዴስክቶፕ ጆሮ ከጀርባው ነው። ሰው ደግሞ ጀርባውን ግድግዳ ላይ ይለጥፍበታል።» ኮምፒዩተሩን ወደ ጠረጴዛው መለስነው፤ አንቴናዎቹን አቆምናቸው። መስመሩ ሞላ።

ሥራው ያለቀ መስሎኝ ዕቃዬን ሰበሰብኩ። ሮብሌ ግን አልተንቀሳቀሰም። ኃላፊው ራሳቸው ተቀምጠው ሪፖርታቸውን እስኪልኩ፣ «ደረሰኝ» የሚል መልስም እስኪመጣላቸው ቆመን ጠበቅን። «መስመሩን ያሳየሽ ማሽኑ ነው፤ ሥራው መሄዱን የሚያውቀው ሰውየው ነው» አለኝ ደረጃውን ስንወርድ።

ሦስት ዓመት አብሬው ሠራሁ። ራውተር ሁለት ዓይነት ሞገድ እንዳለው፣ ፈጣኑ ግድግዳ እንደሚያሸንፈው፣ ዘገምተኛው ግን ግድግዳ አልፎ እንደሚሄድ፣ ስለዚህ ሩቅ ላለ ኮምፒዩተር ዘገምተኛውን መምረጥ እንደሚሻል ያሳየኝ እሱ ነው። አንቴና ለሌለው ኮምፒዩተር ፍላሽ የምታክለዋን መቀበያ ከኋላ ከመሰካት ይልቅ በአንድ ክንድ ገመድ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥን አስተማረኝ። አንድ ፎቅ ላይ ያሉት ራውተሮች ሁሉ በአንድ ቻናል ሲሠሩ «የከብት ገበያ ነው፤ ሁሉም በአንዴ እየጮኸ ማን ማንን ይሰማል?» ብሎ ይለያያቸው ነበር። ከሁሉም በላይ ግን ቅደም ተከተሉ አይናወጥም። ተቀመጥ፣ ጠይቅ፣ በእጅህ ዳስስ። የስክሪኑ ውስጥ ነገር መጨረሻ ነው።

አንድ ጊዜ ብቻዬን አፍደም ተላክሁ። የባቡር መስመር ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሙቀቷ አያድርስ። የወረዳው መዝገብ ያዥ፣ ዋበሪ የሚባሉ ሽማግሌ፣ «ጠዋት ይሠራል፣ ከሰዓት ይሞታል። ሦስት ሰው አይቶት ሦስቱም ሰላም ነው ብለው ሄዱ» አሉኝ። ሦስቱም ያዩት ጠዋት ነበር። እኔም ጠዋት አየሁት፤ ደህና ነው። ለሮብሌ ደወልኩ።

«ሽማግሌው ወንበር ላይ ተቀመጪ» አለ።

«ተቀምጫለሁ።»

«እስከ ማታ ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ከምሳ በኋላ ነፋሱ ተነሣ፤ ዋበሪ አቧራውን ሽሽት የቆርቆሮ መስኮቱን ጎትተው ዘጉት። መስመሩ ዓይኔ እያየ ወረደ። ራውተሩ ያለው በግቢው ማዶ፣ ሌላው ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ሞገዱ የሚገባው በዚያ መስኮት ነበር። መቀበያዋን በገመድ ወደ ሌላው ግድግዳ፣ ከጣሪያው ሥር ወዳለው የአየር መግቢያ አወጣኋት። ዋበሪ መስኮቱን ደጋግመው ከፈቱ፣ ዘጉ፣ እንደ ልጅ ሳቁ። ወደ ጅጅጋ ስመለስ ራሴን ቴክኒሻን ብዬ ጠራሁ።

ወዲያው ሸደር ተመደብኩ። ከጅጅጋ በሚኒባስ የሚደረስባት፣ የስደተኞች መጠለያ ያለባት ከተማ ናት። መሥሪያ ቤቴ በትብብር በሳምንት ሁለት ቀን ለአንድ የእርዳታ ቢሮ አውሶኝ ነበር፤ የሥራ ማዘዣ፣ ትንሽ አበል፣ ብዙ አቧራ። ቢሮው ውስጥ ከውጭ አገር ካሉ ዘመዶች ጋር በቪዲዮ የሚያገናኝ አንድ ዴስክቶፕ አለ። አቧራው ማራገቢያውን እያነቀ ያጠፋዋል፤ ሌባም ያሰጋል። እኔ መላ ዘየድኩ። ጅጅጋ ያለ በያጅ በልኬ የላሜራ ሳጥን ሠራልኝ፤ በጎን የአየር ቀዳዳ ያለው፣ በር ያለው፣ የሚቆለፍ። ኮምፒዩተሩን ከነአንቴናው አስገባሁት፤ ስክሪኑና ኪቦርዱ ውጭ ቀሩ። በሩን እንደ ከፈትኩ ሞከርኩት፤ መስመሩ ሙሉ ነው። ሁሉም አመሰገነኝ። ከዚያ በሩን ዘጋሁ፣ ቆለፍኩ፣ የማታውን ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ሄድኩ። ከቆለፍኩት በኋላ አልሞከርኩትም።

በሚቀጥለው ሳምንት ሐሊማ መጣች።

ሐሊማ መጠለያው ውስጥ የምትኖር፣ በኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ልጇ ዩሱፍ ከሁለት ዓመት በፊት ባሕር አቋርጦ ሊሄድ ሲነሣ እንዳይሄድ ለምናው ነበር፤ እምቢ ሲላት «አልመርቅህም» አለችው። ሳይመረቅ ሄደ። ለሶማሌ እናት ይህ ቀላል ቃል አይደለም። በመንገድ ላይ ታስሮ፣ ታሞ፣ በመጨረሻ አንድ አገር ውስጥ ያለ የእርዳታ ቢሮ አገኘው። የራሱ ስልክ አልነበረውም። ቢሮው በቀጠሮ፣ በዚያ ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ለአንድ ሰዓት ሊያገናኛቸው ተስማማ። ሐሊማ ለዚያች ሰዓት አዲስ ሻሽ ተውሳ መጣች። ሌላ የምትለው እንደሌላት ነገረችኝ፤ ልትመርቀው ብቻ ነው።

ጠዋት ስገባ የቢሮው ጸሐፊ «አስካለ፣ ኢንተርኔቱ ካለፈው ሳምንት ወዲህ ይንቀረፈፋል» አለችኝ። «አየሩ ነው» አልኳት። እንዲህ ነበር ያልኩት።

አራት ሰዓት ላይ ጥሪው ገባ። የዩሱፍ ፊት ስክሪኑ ላይ መጣ፤ ከስቷል፣ ፀጉሩ አድጓል። ሐሊማ «ልጄ» ብላ ተነሣች። ፊቱ ባለበት ደረቀ። ከዚያ ጠፋ።

እንደገና ደወልን። አንድ መስመር። ይገናኛል፣ ይቆረጣል። እኔ ኪቦርዱን ይዤ ገባሁበት። ኮምፒዩተሩን አጥፍቼ አስነሣሁ፣ የዋይፋዩን ሶፍትዌር አጥፍቼ መልሼ ጫንኩ፣ ኃይል ቆጣቢውን ዘጋሁ፣ ከአንዱ ሞገድ ወደ ሌላው ቀየርኩ። የሞባይል ዳታ በዚያ ሰሞን ለድምፅ እንኳ አይበቃም ነበር። ላብ አጠመቀኝ። ሐሊማ ከኋላዬ ተቀምጣለች፤ አንዴም ዞሬ አላየኋትም። አምስት ሰዓት ሆነ። ቀጠሮው አለቀ።

«ምን ሆነ?» አለችኝ።

«ኔትወርክ ነው» አልኳት።

ሻሿን አስተካክላ ወጣች።

የቀረኝ የዋይፋዩን ካርድ ራሱን መንቀል ነው ብዬ ቁልፉን አመጣሁና የሳጥኑን በር ከፈትኩ። መፍቻ ሳላነሣ፣ ምንም ሳልነካ፣ መስመሩ ወደ ላይ ወጣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። በሩን ዘጋሁት፤ ወረደ። ከፈትኩት፤ ወጣ። ሞገድ በብረት ውስጥ እንደማያልፍ ሦስት ዓመት ሙሉ የተማርኩ ሴት፣ ኮምፒዩተሩን በገዛ እጄ ብረት ውስጥ ቆልፌዋለሁ። ክፍሉ ውስጥ ምን ተቀየረ ብዬ ማንንም አልጠየቅሁም፤ የቀየርኩት እኔ ስለሆንኩ አልታየኝም። ራውተሩ ያለው ከዚያ አሥር እርምጃ በማይርቅ ክፍል ነበር። ኮምፒዩተሩን አቅፌ እዚያ ብወስደው እንኳ ይበቃ ነበር።

ከሰዓት ከዚያኛው ቢሮ መልእክት መጣ። ዩሱፍ ቀጠሮው እስኪያልቅ ከስክሪኑ ፊት አልተነሣም ይላል፤ ወደ ሌላ ከተማ ስለሚዛወር የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ እንደሚሆን እንደማያውቁም ይጨምራል። መልእክቱን አንብቤ ዘጋሁት።

በማግሥቱ ጅጅጋ ከደረጃው ሥር ለሮብሌ ነገርኩት። ይቆጣኛል፣ ወይም «ሁሉም ይሳሳታል» ይለኛል ብዬ ነበር። ሻሂውን እየጠጣ እስከ መጨረሻ ሰማኝ።

«ለሴትዮዋ ምን አልሻት?»

«ኔትወርክ ነው አልኳት።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ነገ አብረን እንሄዳለን።»

«ምን ልንሠራ? የሳጥኑን በር አንስቼዋለሁ፤ ተስተካክሏል።»

«ኮምፒዩተሩ ተስተካክሏል» አለ።

ሌሊቱን ሙሉ የምናገረውን ሳዘጋጅ አደርኩ። ጠዋት ከሮብሌ ጋር በሚኒባስ ሸደር ሄድን። ሐሊማን ቤቷ ደጅ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ስታየኝ ተነሥታ ምንጣፍ አነጠፈችልን፤ ይህ አሳፈረኝ። ዙሪያውን ሳልዞር፣ በሶማሊኛ፣ እንዲህ አልኳት፦

«ትናንት ወዲያ ኔትወርክ ነው ያልኩሽ ውሸት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ኮምፒዩተሩን የብረት ሳጥን ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ፤ መስመሩን የያዘው ሳጥኑ ነው። በቶሎ ባውቀው ኖሮ ትነጋገሩ ነበር።»

ስድብ ጠበቅሁ።

«እሱ አይደለም የዘጋው?» አለችኝ።

«ማን?»

«ዩሱፍ። ፊቴን አይቶ የዘጋው መስሎኝ ነበር። አኩርፎኝ። ሁለት ሌሊት አልተኛሁም።»

ያን ጊዜ ነው የሠራሁት የገባኝ። «አልዘጋውም» አልኳት። «መልእክት ልከዋል፤ ቀጠሮው እስኪያልቅ ከቦታው አልተነሣም። ሲጠብቅሽ ነበር።»

«ሙሉ ሰዓቱን?»

«ሙሉ ሰዓቱን።»

ሻሿን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች። ሮብሌ ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ፤ እኔ አጠገቧ ቀረሁ። ስታበቃ እጄን ያዘችና «አንቺ ሴት፣ ይህን ለመናገር ከጅጅጋ ድረስ መጣሽ?» አለችኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። ስንሄድ ግን እስከ መንገዱ ሸኘችን።

ከዚያ ወራት አለፉ፤ ከዩሱፍ ምንም የለም። ሐሊማ በየሳምንቱ ቢሮው ትመጣለች፣ ጸሐፊዋን ትጠይቃለች፣ እኔን ሰላም ብላ ትመለሳለች። ሮብሌ በዚያው ዓመት ጡረታ ወጣ። ልቡን ያመው ስለነበር ድሬዳዋ ሴት ልጁ ዘንድ ሄደ። ከደረጃው ሥር ብቻዬን ቀረሁ። ወንበሩን ለማንም አላስነካም ነበር፤ እኔም አልተቀመጥኩበትም።

ዘጠኝ ወር ሊሞላ ሲል ዩሱፍ ተገኘ፤ ሁለተኛ ቀጠሮ መጣ። አንድ ቀን ቀድሜ ሸደር ሄድኩ። ሐሊማ የምትቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀምጬ ክፍሉን አየሁ። የምታጸዳውን ሴት ጠየቅሁ። ከራውተሩ ክፍል ገመድ ዘረጋሁ፤ ገመዱ ቢበጠስ ዋይፋዩ እንዲተካው አንቴናዎቹን ጠረጴዛው ላይ አቆምኩ። በሩን ዘግቼ ሞከርኩ፣ መስኮቱን ዘግቼ ሞከርኩ፣ ጸሐፊዋ ስልኳን ይዛ ሌላ ክፍል ሆና በቪዲዮ ደወለችልኝ፤ ግማሽ ሰዓት አወራን። የምናወራው ስናጣ ስለ በግ ዋጋ አወራን።

በማግሥቱ የዩሱፍ ፊት መጣ። ተንቀሳቀሰ። «ሆዮ» አለ፤ እናቴ ማለቱ ነው። ድምፁ ጥርት ብሎ ክፍሉን ሞላው። ሐሊማ ሁለት መዳፎቿን ወደ ላይ ዘረጋች። እኔ ወጥቼ በሩን ዘጋሁ።

ይህን ለሮብሌ በስልክ መንገር አልፈለግሁም። በሳምንቱ ፈቃድ ወስጄ ድሬዳዋ ሄድኩ። ልጁ ግቢ፣ ጥላ ሥር ተኝቶ አገኘሁት። ጢሙን ሂና መቀባት ትቷል፤ ነጭ ሆኗል። ሲያየኝ ለመቀመጥ ታገለና ትራስ ደገፍኩለት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት። ገመዱን በየት በኩል እንዳሳለፍኩ ሳይቀር ጠየቀኝ።

«ስንት ደቂቃ አወሩ?»

«ሰዓቱን ጨረሱት።»

«ምን ተባባሉ?»

«አልሰማሁም። ወጥቼ በሩን ዘጋሁ።»

ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ አለ። «ሃዬ» አለ፤ እሺ፣ ደግ ነው ማለቱ ነው። ከሱ አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም።

ሻሂ መጣ፤ የኔን ቶሎ ጠጣሁት። የጅጅጋ ሚኒባስ ሊያመልጠኝ ነው፤ በማግሥቱ ሥራ አለብኝ። ቦርሳዬን ሳነሣ ሮብሌ «ሁልጊዜ እንደቸኮልሽ ነው» አለኝ።

«ሥራ ነው፣ ምን ላድርግ?»

«ጡረታ ስትወጪ ነይ። ያኔ ሳንቸኩል እንጫወታለን፤ የሬዲዮውን ዘመን አጫውትሻለሁ።»

«እሺ» አልኩት። ባጃጅ በር ላይ እየጠበቀኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ በስልክ አወራን። ሐሊማ በደረሳት ወረፋ ከመጠለያው ወጥታ ወደ ሌላ አገር ሄደች፤ ከልጇ ጋር ተገናኝታ እንደሆነ አላውቅም። ሮብሌ እኔ ጡረታ ከመውጣቴ ሁለት ዓመት በፊት አረፈ። ልጁ ስትደውልልኝ ቀብሩ አልፎ ነበር።

አሁን ከወጣሁ ሦስት ወር ሆነኝ። ጠዋት ጠዋት ሻሂ አፍልቼ በረንዳዬ ላይ እቀመጣለሁ። ባጃጆቹ «ኤዶ፣ ትሄጃለሽ?» እያሉ ቀስ ይሉልኛል። በእጄ ምልክት አሳልፋቸዋለሁ። የሚያስቸኩለኝ ነገር የለም።